መርፌው እንዳይነቃነቅ

በእኛ ቤት ሰው ሲሞት ሬዲዮ ይዘጋል። እናቴ ያረፈች ዕለት አክስቴ ትልቁን ሬዲዮ በነጠላ ሸፍና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ እስከ ሙት ዓመቷ ድረስ ማንም አልነካውም። ሐዘኑን አከበርን፣ ውስጡ ያለውን የባትሪ ድንጋይ ግን ረሳነው።

ሙት ዓመቷ እንዳለፈ ነጠላውን ገልጬ ብከፍተው ትንፍሽ አላለም። ጀርባውን ሳየው የድንጋዮቹ አንጀት ፈስሶ ብረቱን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል።

«አዲስ ልግዛልዎ» አልኳቸው አባቴን። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ፊታቸውን ወደ ሬዲዮው እንዳዞሩ ናቸው።

«አዲስ ምን ያደርግልኛል? የዚችን የጣቢያ መርፌ መጨረሻ ያዞረችው እናትሽ ናት። መርፌው እሷ ካቆመችበት ሳይነቃነቅ ይሠራልኝ። የሰማችውን ልስማ።»

ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሬዲዮ ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። አባቴ የአገሩን ዜና ካልሰሙ እህል አይወርድላቸውም፤ እናቴ ደግሞ ድራማና ዘፈን የሚያሰማውን ሌላውን ጣቢያ ትወዳለች። እሳቸው ያዞራሉ፣ እሷ ትመልሳለች። ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ነበረች።

ቢቸና ውስጥ ያሳየኋቸው ጠጋኞች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ብቻ «ሞጣ ያለው ሰውዬ ካልሞከረው» አለኝ። ሬዲዮውን በፎጣ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ተሳፈርኩ። የደረስኩት ዓርብ ቀትር ላይ ሆነና ሱቁ ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ጁምዓ ሊሰግድ ሄዷል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልተፈጠረልኝም፤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስበሳጭ ቆየሁ።

ሲመጣም ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። «እኔ ጋ የመጣ ሬዲዮ ሞቶ አይመለስም» አለ፣ ገና ፎጣው ሳይፈታ። ጉረኛ ጠጋኝ አልወድም፤ ይዤው ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጀርባውን ከፍቶ አየት ሲያደርግ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈጣሪ ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈባችሁ?»

«እናቴ። በምን አወቅህ?»

«ድንጋይ እንዲህ የሚፈሰው ሐዘን ቤት ነው። ሰው ሬዲዮውን ይዘጋል እንጂ ድንጋዩን አያወጣም። ስንቱን አየሁ መሰለሽ።»

የአባቴን ቃል ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ከመሳቢያው የሚስቱን የጥፍር ቀለም አውጥቶ በመርፌውና መርፌውን በሚያዞረው ትንሽ መዘውር ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። እፍ እያለ አደረቀው፤ ሁለቱም ባሉበት ተቆለፉ። ያን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ጠፋ።

ከኋላው የሞቱ ሬዲዮዎች ተደርድረዋል። የአንዱን ሆድ ከፍቶ መርፌውን የሚጎትተውን ክር መዘዘና የእኛን የተበላ ክር ተካበት። የዛገውን ብረት ከተሰበረ የእጅ ባትሪ በወጣ ቆርቆሮ ለወጠው። በድንጋዩ ቦታ የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ አስገባና በጎኑ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ አበጀለት። እጁ ሲሠራ አፉም አላረፈም፤ ራሱን ያሞግሳል። ያሞግስ እንጂ፣ ሙያው ያምርበታል።

«ከእንግዲህ ድንጋይ የለም» አለኝ። «የፈለጋችሁትን ያህል እዘኑ።» ሳላስበው ሳቅኩ።

ሊሞክረው ሲል የጆሮ ማዳመጫ ሰካበት። እኔም ጆሮዬን ባስጠጋ በእጁ ከለከለኝ። «አንቺ አትስሚ። ቀድመው መስማት ያለባቸው እሳቸው ናቸው።» ጥቂት አዳምጦ ዘጋው፤ ቀለሙን በአሴቶን አስለቀቀና የቱን ጣቢያ እንደሰማ ሳይነግረኝ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከዚያ ሁሉ ጉራ ሥር ይኖራል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ማምሻውን ቢቸና ገብቼ ሬዲዮውን አባቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። እኔ ዘፈን ስጠብቅ የዜና አንባቢ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

አባቴ ደንግጠው ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «የእኔ ጣቢያ ነው» አሉ። «ያረፈች ዕለት እሷን ሳስታምም ዜናም ትዝ አላለኝ። ለካ ልትተኛ ስትል ለእኔ አዙራልኝ ኖሯል።»

አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ዜናው እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ ጣታቸውን ሰደድ አድርገው መርፌውን ቀስ ብለው ወደ እሷ ጣቢያ አዞሩት።