የሞላው የመጨረሻ ጥርስ

ባለፈው ሐሙስ አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ካለው ጋራዥ አንድ የማውቀው ሽታ መጣ። የሞተር ዘይት ሽታ ቢሆን ዞር አልልም ነበር፤ ይሄ ግን ከአሮጌ ሾክ አብዞርበር ውስጥ የሚወጣው፣ ቀጠን ያለው፣ የሰነበተ ዓሣ የሚመስለው ሽታ ነው። ዞር ስል አንድ ጎረምሳ ያረጀች ሞተርሳይክል ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ይጫናታል፣ ይለቃታል። የሾኩ ሞላ፣ ጥቅልሉ ሽቦ፣ ይጨመቅና ጭርር እያለ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ታክሲው መጥቶ ሞልቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ደምሴን ላስታውሳቸው ብዬ አስታውሻቸው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ሳልዘጋጅ ነው የሚመጡብኝ።

ቤታችን ከአየር ጤና ወደ ቀራንዮ በሚወስደው የዚያን ጊዜ ኮረኮንች ዳር ነበር። ጋሽ ደምሴ ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ በታጠረች ግቢ ውስጥ ሞተርሳይክል ይጠግናሉ። አጭር ናቸው፤ ደረታቸው ሰፊ፣ ጣቶቻቸው በግራሶ የጠቆሩ። በቆዳ ልብሷ የተጠቀለለች ሬዲዮናቸው ቀኑን ሙሉ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ ታወራለች። ከአንድ የተጣለ መኪና የተነቀለ ወንበር ግድግዳው ሥር ነበር፤ እዚያ ላይ የሰፈሩ ሥራ ፈት ሁሉ ሻይ ይዞ ይሰየማል። የሚመጡት ለጥገናው ሳይሆን ለጋሽ ደምሴ ምላስ ነው።

ምላሳቸው ክፉ ነበር። ለሰው ሁሉ ስም ያወጣሉ። የሚንተባተበውን የዳቦ ቤቱን ሰው «ካንዴላ» ይሉታል፣ እሳቱ ይቆራረጣል ለማለት። ልጅ ያልወለደችውን ቲማቲም ሻጭ «ባትሪ የሞተባት» ብለዋት፣ ሴትየዋ በዚያ በር ላለማለፍ በጭቃው ዞራ ትሄድ ነበር። ሰዉ ይስቃል። ሳቁ ወደ ራሱ እስኪዞር ድረስ ሁሉም ይስቃል። አባዬም ይስቅ ነበር።

አባዬ ሸምሱ ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ አየር ጤና አደባባዩ አጠገብ ሆኖ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ያኔ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ሲስቅ ሆዱ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ያነቃንቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ይወድ ነበር ብል እማዬ ትቀየመኛለች፣ ግን ያቺን ጥቁር ሞተሩን ከልቡ ይወዳት ነበር። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ክብ መብራት፣ በእጅ የተሰመረ ነጭ መስመር ያለበት የነዳጅ ታንክ፣ ረጅም የቆዳ መቀመጫ።

የኋላ ሾኮቿ ዘይት ማንባት ሲጀምሩ ወደ ጋሽ ደምሴ ወሰድናት። ጋሽ ደምሴ ከአንድ ሳጥን ውስጥ ያገለገሉ ሾኮችን ጥንድ ጥንዱን እያወጡ ይመርጡ ጀመር። አንዱን ጥንድ አይተው ወረወሩት።

«ይሄ ረጅም ነው፣ ቂጧን ያነሳታል። ፍሬን ስትይዝ በአፍንጫህ ትተከላለህ።»

ሌላውን መሬት ላይ አቁመው በደረታቸው ተጫኑት። ሲለቁት እንደ እንቁራሪት ዘለለ። «ውስጡ ባዶ ነው፤ የፍራሽ ሽቦ!» አሉና እሱንም ጣሉት። በመጨረሻ ያነሱትን ጥንድ ተጭነው ሲለቁት፣ ሽማግሌ ከወንበር እንደሚነሳ እርጋታ ይዞት ተነሳ። ሁለቱንም ሞከሩ፤ እኩል ተነሱ። «እነዚህ መንታ ናቸው» አሉ።

ከገጠሟቸው በኋላ ከአባዬ አንገት ላይ የልብስ ሜትሩን ነጥቀው፣ ከኋላው ጎማ እምብርት እስከ መቀመጫው ሥር ለኩ፤ መጀመሪያ ሞተሯ ባዶዋን፣ ቀጥሎ አባዬ ተቀምጦባት። ከሞላው ሥር እንደ ደረጃ ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተቆረጠ ቀለበት አለ። በቆልማማ ቁልፍ ወደ ላይኛው ጥርስ ሲዞር ሞላው ይጠነክራል፣ ከባድ ሰው ይችላል፤ ወደ ታች ሲመለስ ይላላል፣ ለቀላል ሰው ይሆናል። ጋሽ ደምሴ ቀለበቱን ወደ ላይ አዞሩትና ለወንበሩ ታዳሚዎች፣ «በሬ ጭኜባታለሁ!» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አባዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ዓመት ሳይሞላው ሞተሯ ትነጥር ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወስዶኝ ሲመለስ፣ እኔ ከኋላ ወገቡን አቅፌ፣ ወደ ግቢው ገባን። እጆቼ ከፊት እንደሚገናኙ፣ ድሮ እንደማይገናኙ፣ እኔ ልብ አላልኩም ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ከመቀመጫው ታነሳኛለች። ሾኩ ሳይደርቅ አይቀርም» አለ አባዬ።

«ውጣባት» አሉት። ሜትሩን ወስደው ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ተነስተው ሬዲዮውን ቀነሱ፤ ሬዲዮውን የሚቀንሱት ሰው እንዲሰማቸው ሲፈልጉ ነው።

«ሾኩ ምንም አልሆነም። ያለቀው ሰውዬው ነው» አሉ። «ሸምሱ፣ እኔ በሬ ነበር የጫንኩባት። አሁን የተቀመጠባት ቆዳው ነው። በዚህ ዘመን ሰው በምን እንደሚያልቅ ለእነዚህ እኔ ልንገራቸው ወይስ አንተ ትነግራቸዋለህ?»

ወንበሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ቀጥለው ነገሩ ገባቸውና ሳቃቸው ተቆረጠ። ያኔ ኤድስ ስሙ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር፣ የገባበት ቤት በሩ የሚዘጋበት በሽታ ነበር።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ አባዬ።

«ሞላ አይዋሽም ማለቴ ነው።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቀለበቱን ወደ ታችኛው ጥርስ መለሱት። በቤንዚን የተነከረ ቡትቶ አንስተው አባዬ የተቀመጠበትን ቆዳ ጠረጉት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ከአባትሽ ጀርባ አትለጠፊ» አሉኝ።

አባዬ ሞተሯን አስነሳ። ወደ ቤት ስንሄድ ሞተሯ እንደዚያ ቀን ለስልሳ ሄዳ አታውቅም። ጉድጓዱን ሁሉ እየዋጠች ሄደች።

ወሬው ቀድሞን ቤት ገብቷል። እማዬ እርጎ ትሸጥ ነበር፤ በማግስቱ ማሰሮዎቿ እንደሞሉ ዋሉ፣ ከዚያም በኋላ እንደሞሉ ዋሉ፣ ኮምጥጠው ለውሾች ተደፉ። ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። «እናቴ ናት ያለችኝ» አለችኝ፣ እያፈረች። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ለልጇ ዩኒፎርም ጨርቅ ያመጣች ሴት አባዬን፣ «ጣትህን መርፌ አይወጋህም?» ብላ ጠየቀችው። «ይወጋኛል፣ ልብስ ሰፊ አይደለሁ?» አላት። ጨርቋን ሰብስባ ወጣች። ሌሎቹ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም።

የባሰው አባዬ ራሱ ማመኑ ነው። ኩባያውን ለየ። እኔን መሳም ተወ። ሱቁን ዘግቶ ግድግዳ ሥር ይቀመጥና ውሃ ይጠጣል፤ ጠጥቶ አይረካም፣ ጆግ ሙሉ ጠጥቶ ጆግ ሙሉ ይጠይቃል። እማዬ ብዙ ከታገሠች በኋላ አንድ ጠዋት ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር ጣለችው።

«ከሆነም ሁለታችንም ነን። ተነስ፣ እንመርመር።»

ስኳር ነበር። ያ ሁሉ ሥጋው የቀለጠው በስኳር በሽታ ነው። እማዬ የሆስፒታሉ በር ላይ እልል አለች፤ ለስኳር በሽታ እልል ያለች ሴት ከእሷ ሌላ አላውቅም። መድኃኒቱን ጀመረ፤ የድሮው በሬ ባይሆንም ሰው ወደ መምሰል ተመለሰ። ደንበኞቹም አንድ በአንድ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ጨርቃቸውን ይዘው መጡ። እማዬ ውጤቱን ይዛ ሰፈሩን ልትዞር ተነስታ ነበር። አባዬ እጇን ያዛት።

«ያኛው በሽታ ቢሆንስ ኖሮ፣ ልክ ነበሩ ልትያቸው ነው?»

ጋሽ ደምሴ ሲሰሙ፣ «ስኳር? ታዲያ ምነው አልጣፈጠ!» አሉ ተባለ። ወንበሩ ላይ ያሉት ሳቁ ተባለ። ሌላ ቃል ከእሳቸው አልመጣም።

በቀጣዩ ክረምት አንዲት ከባድ ሞተር ከተሰቀለችበት ወርዳ የጋሽ ደምሴ ወገብ ላይ ወደቀች። ተደግፈው ይቆማሉ እንጂ መራመድ አቃታቸው። መንገዱ ለውሃ ቱቦ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ ተከምሮ፣ ታክሲ ወደ እኛ መግባት አቁሟል። ባለቤታቸው እትዬ አበበች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እኛ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ወሬ በኋላ ቤታችን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሸምሱ ወንድሜ፣ ለማርያም ብለህ። ቀራንዮ ወጌሻ አለ ይላሉ። በዚህ መንገድ ካንተ ሞተር በቀር የሚያልፍ የለም።»

አባዬ መሬት መሬት እያየ፣ «እሺ» አለ።

ጫማዬን እያጠብኩ ነበር። አባዬ ቆልማማውን ቁልፍ ይዞ ከሞተሯ ኋላ ተንበረከከ። ቀለበቱ ግር ግር እያለ ጥርስ ሲያልፍ ሰማሁ። ቆመ ስል ደገመ። መዞር እስኪያቅተው ድረስ፣ በሁለቱም በኩል፣ የመጨረሻው ጥርስ ላይ አደረሰው። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየችው።

«ሸምሱ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ሁለት ሰው ነው የምንጫነው። ለሁለት ሰው ይጠብቃል።»

እውነቱን ነው፣ ለሁለት ሰው ይጠብቃል። ግን አባዬ የከሳ ሰው ነው፣ ጋሽ ደምሴም በዚያ ሰሞን ሕመም የጨረሳቸው አጭር ሰው ናቸው። ለእነሱ መካከለኛው ይበቃ ነበር። እማዬ ሞተር አታውቅም፣ ፊቱን ግን ታውቃለች። ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ጋሽ ደምሴን አንስተን ከኋላ አስቀመጥናቸው። እትዬ አበበችና እኔ ከጎን ከጎን እየደገፍን ጥቂት ሄድን። ከዚያ አባዬ ነዳጅ ሰጣትና ከእጃችን ወጡ። ከፊታችን ድንጋዩ ላይ ሲሄዱ ይታዩናል። ሞተሯ ድንጋይ በመታች ቁጥር ሁለቱም ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። አባዬ እግሩን መርገጫው ላይ ተክሎ ከመቀመጫው ከፍ ይላል፤ ጋሽ ደምሴ ግን በእግራቸው ተክለው መነሳት አይችሉም፣ ሙሉ በሙሉ በወገባቸው ያርፋሉ። የመጀመሪያዎቹን ጩኸቶች ሰማን። ከዚያ ጩኸቱ ቀረ፤ የቀረው መጮህ ሲያቅታቸው ነው። እትዬ አበበች በጭቃው እየሮጡ፣ «ቀስ በልልኝ ሸምሱ! ቀስ!» ይላሉ።

ወጌሻው በር ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ፊታቸው አመድ መስሎ ሞተሯን ተደግፈዋል። እጃቸውን ወደ ታች ሰደው፣ ሳያዩ፣ በአውራ ጣታቸው የቀለበቱን ጥርስ ዳሰሱ። ከዚያ አባዬን አዩት።

«ለሁለት ሰው ነው፣ ጋሽ ደምሴ» አለ አባዬ።

«ልክ ነህ» አሉ። «ለሁለት ሰው ይጠብቃል።»

ወጌሻው ወገባቸውን ዳብሶ እጁን አነሳ፤ «ይሄ የኔ አይደለም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ደምሴ በእግራቸው አልቆሙም። የጎዳቸው የወደቀችባቸው ሞተር ትሁን ያ መንገድ፣ ማንም ሊል አይችልም። አባዬ ግን አንድ መልስ ብቻ የሚያውቅ ይመስለኛል። ቀለበቱን ወደ ታች አልመለሰውም። እንደዚያ እንደ ድንጋይ በጠነከረች ሞተር ሱቁ ይመላለሳል፣ ወገቡን ይዞ ይገባል፣ እማዬ ቅባት ትቀባዋለች።

አንድ ጊዜ፣ በበዓል፣ ሊጠይቃቸው ሲሄድ አብሬው ሄጃለሁ። ጋሽ ደምሴ አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነበር። ወንበሩ ላይ ይሰየሙ የነበሩት አንዳቸውም አይመጡም፤ ሬዲዮው እንኳ ዝም ብሏል።

«ሞተሯ ደህና ናት?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ደህና ናት።»

«ሾኩስ?»

«እንዳጠበቅኩት ነው።»

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የሚናገሩትን ክፉ ቃል ጠብቄ ትከሻዬን ሰብስቤያለሁ።

«አላላው፣ ሸምሱ» አሉ። «ወገብህን ትጨርሳለህ።»

ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በተከታዩ ክረምት ሞቱ። የዚያን ቀን መንገድ ነገር ለሚስታቸውም ለሌላም ሰው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የሰፈሩን ገመና ሁሉ በዚያ ወንበር ፊት ያወጡት ሰው ያቺን ብቻ ይዘዋት ሄዱ። ሰፈሩ ዛሬም ቀልዳቸውን እያነሳ ይስቃል።

አባዬ አሁን አርጅቷል፣ ስኳሩ አንድ እግሩን አደንዝዞታል። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥተንለት ይቀመጣል። እትዬ አበበች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያ ያልፋሉ። ሲያያቸው፣ እኔ ተው እያልኩትም፣ ግድግዳውን ይዞ ይነሳል።

«እግዜር ይስጥልኝ ሸምሱ» ይሉታል ሁልጊዜ። «ሰው ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ቀን ባሌን ተሸክመህ ያደረስክልኝ አንተ ነህ። ያደረግኸው ለልጆችህ ይድረስ።»

«አሜን» ይላል አባዬ። እሳቸው ማዕዘኑን እስኪታጠፉ ድረስም አይቀመጥም።