ታሪክ ያስመረጡኝ አጎቴ

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ የአንድ ሰው መልስ በቅቷቸው አያውቅም። «እስቲ ሌላ ሰው እንጠይቅ» ይላሉ። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ፣ ኮሌጅ ግን ታሪክ ላጠና ነው ስላቸው፣ «ታሪክ አንብቦ ያከመ ማን አለ?» ብለው ከሰፈራችን ከሴዳር ሪቨርሳይድ በእግር የሚደረስበት ዩኒቨርሲቲ በታክሲያቸው ይዘውኝ ሄዱ።

አማካሪዋ፣ «ሕክምና ለመግባት የሚፈለጉትን የሳይንስ ኮርሶች ከወሰደች ዋና የትምህርት ዘርፏ የፈለገችው ይሁን» አለቻቸው። አመስግነው ወጡና ኮሪደሩ ላይ፣ «ይቺ ገና ልጅ ናት፤ ሌላ ሰው እንጠይቅ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ከኤርፖርት የሚጭኑትን ተሳፋሪ ሁሉ ይጠይቁ ጀመር። ክፍል ውስጥ እያለሁ ይደውሉልኛል።

«የዛሬው ሰውዬ ባዮሎጂ ይሻላታል ብሏል።»

«ጋሼ፣ ታሪክ ተመዝግቤያለሁ እኮ!»

በማግስቱ ደግሞ ኬሚስትሪ ነው።

ባለፈው ወር አረፉ። ለቅሶው ላይ አብረዋቸው ታክሲ የሚነዱ ሰው አጠገቤ ተቀምጠው፣ «አጎትሽ ‹ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው የበሽተኛውን ታሪክ ነው፤ ታሪክ አጥኚ ብዬ ያስመረጥኳት እኔ ነኝ› እያሉ ይኮሩብሽ ነበር» አሉኝ።

«እሳቸው? እሳቸው ናቸው ያስመረጡኝ?»

ደሜ ፈላ። እዚያው ሰው ፊት ላፋጥጣቸው ብድግ ብዬ በዓይኔ ፈለግኳቸው። ለቅሶው የሳቸው መሆኑን ለአፍታ ረስቼው ነበር።