የ“ምን አገባዎት” ጆሮ

ባለፈው እሁድ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ምሳ ልንበላ ስንገባ፣ የምግብ ቤቱ በር ላይ አንድ ቡችላ ራሱን እያራገፈ ጆሮውን በኋላ እግሩ ይፎክታል። ልጄ “እማዬ፣ ዳንስ ይችላል!” ብላ ሳቀች። እኔ ጎንበስ ብዬ ጆሮውን ገለጥ አደረግኩት። የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ሞልቶታል። ወይ ጉድ! ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝ።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለትምህርት ናይሮቢ መጥቼ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አጎቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አጎቴ ጋሼ በቀለ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሚሠራ፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ እንኳ ክራቫት የሚያስር ሰው ነው። ጎረቤታችን አቶ ተኽለ ደግሞ አማርኛን ከእኛ አሳምረው የሚናገሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን የእኛ አቮካዶ ረግፎ የመኪናቸውን መስታወት መታና “ዛፉን ቁረጠው እንጂ ልጄ” አሉት። ጋሼን “ልጄ” መባሉ ይሁን መታዘዙ፣ ብቻ አንገበገበው። በሳምንቱ ቡችላ አመጣና፣ እንደ አገር ቤት ወግ ለጎረቤት መልእክት እንዲሆን “ምን አገባዎት” ብሎ ስም አወጣለት። ልብ በሉልኝ፣ ሲሳደብም አንቱታውን አልረሳም! ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጥግ ቆሞ “ምን አገባዎት! ና ብላ!” እያለ ይጣራል። አቶ ተኽለም ዝም አላሉም፤ ወር ሳይሞላ ውሻ አስመጥተው “እናያለን” አሉት።

ውሾቹ ግን ኩርፊያውን ማን ነግሯቸው! በእሾህ አጥሩ ሥር ቀዳዳ ምሰው ቀኑን ሙሉ አብረው ሲንከባለሉ ይውላሉ።

የናይሮቢ ብርድ በገባበት ሐምሌ የእኛው ጆሮውን እስኪደማ ያክ ጀመር። እኔ ብልጧ ከኢስትሊ ገበያ ጤና አዳም ገዝቼ፣ በዘይት አሽቼ ጠብ አደረግኩለት። ምስኪን፣ እሪ ብሎ አልጋ ሥር ገባ። በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ “በዓይን የማይታዩ ተባዮች ናቸው” ብሎ ጠብታ ሰጠን። ዳነ ስንል በወሩ ተመለሰበት።

“አሁንስ በቃኝ!” አለ ጋሼ። “ካልዳነ ከከተማ ርቆ ናይቫሻ ላለ ወዳጄ ለእርሻው እሰጠዋለሁ።” አለቀስኩ። በዚያ ባዕድ አገር ስገባ ደስ ብሎት የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ስንመለስ “ከሌላ ውሻ ጋር ይውላል?” ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። “አዎ፣ ከጎረቤት” አልኩ እኔ። “እንግዲያው ሁለቱም አብረው ካልታከሙ ትርፉ ድካም ነው” አለን።

መኪና ውስጥ “ጋሼ፣ አቶ ተኽለን እንንገራቸዋ” ስለው “ሞቼ እገኛለሁ!” አለ። ቤት ስንደርስ ውሻው ያንን የቆሰለ ጆሮውን በተወለወለው የጋሼ ጫማ ላይ አሳርፎ አቃሰተ። ጋሼ ቁልቁል አየው። ከዚያ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ጠብታውን ይዞ ወጣ። ተከተልኩት።

“እንደምን ዋሉ፣ አቶ ተኽለ። ያ... ውሻችን ታሞብን...”

“የትኛው?” አሉ ሽማግሌው፣ ፈገግታቸውን እየዋጡ። “ስሙን ጥራው እንጂ። በየማለዳው ስትጠራው እሰማ የለም?”

ጋሼ ክራቫቱን ላላ አደረገ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ።

“የእኔም ራሱን ሲያራግፍ ሰንብቷል። ግባ በል!”

ውሻ ሱሪዬን ነካ ብሎ የሚቆጣው ጋሼ፣ በረንዳቸው ላይ ተንበርክኮ የ“እናያለን”ን ራስ አቅፎ ያዘ፤ አቶ ተኽለ ጠብታውን አደረጉለት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱን ውሾች አንድ ላይ ማከም ሆነ። ሐኪሙ ያዘዘው ጊዜ ሲያልቅ የሁለቱም ጆሮ ጥርት አለ፤ በየጠዋቱ የማየው እኔ ነኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን ጋሼ ውሻውን አስሮ ብቅ አለና “ትንሽ ሳያሳክከው አልቀረም፤ አቶ ተኽለ ዘንድ ልውሰደው” አለኝ። “ኧረ ድኗል!” ልል ብዬ ዋጥኩት። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄደ፤ ውሻውም ናይቫሻን ሳያይ አረጀ።

እሁድ ዕለት ያንን ቡችላ እያየሁ ይህን ሳስታውስ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እህቴ ትዝ አለችኝ። ከታናሽ እህቴ ጋር ከተኮራረፍን ስምንት ወራችን ነው። ማን መጀመሪያ ይደውል ብለን ሁለታችንም ሰበብ ስንጠብቅ ኖረናል። ምግቡ እስኪመጣ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።

“ምነው? ምን ሆንሽ?” አለች ደንግጣ።

“ምንም አልሆንኩ” አልኳት። “ምንም ሰበብ የለኝም።”