ሙሽራ ሞተር አትነካም

እኔ የተዳርሁት በደርግ ዘመን፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ፣ በቅበላ እሑድ ነው። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። እጮኛዬ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለው ቤታችን ወስዶ መራዊ ለሚጠብቁት ዘመዶቹ ሊያደርሰኝ የመጣው ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ ነው። አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የሸጠለት ነው። ጣሪያ የለው፣ ዕቃ አይጭን፤ ጩኸቱ ግን የአምስት መኪና!

እኛ ምሳ ስንበላ አንደኛው ሚዜ «ለሙሽሪት ፍጥነት ልጨምርላት» ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ነዳጁን ለሚለኩሱት ካንዴላዎች እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ነቅሎ፣ ጠራርጎ መልሶት ኖሯል። ማን ለመነው!

የአባቴን ጉልበት ስሜ፣ በእልልታ ወጥቼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥሁ። እጮኛዬ ቁልፉን አዞረ። ድው! ከኮፈኑ ሥር እሳት ተፋ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባብሎ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ የአባቴ ወዳጆች፣ የተከበሩ ቀሳውስት፣ ጥምጥማቸውን ይዘው ከዳሱ ምሰሶ ኋላ ተከለሉ።

«ማነው የተኮሰ?» አለ ጠባቂው እንደተኛ።

«መኪናው ነው፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ትጥቁን ይፍታ!»

ደግሞ ሞከሩት። ድው! ሚዜው ከሞተሩ ፊት ያለውን፣ እሳቱ የሚለኮስበትን ጊዜ የሚያመለክተውን ምልክት እያሳየ «ገጥሟል እኮ! ታይሚንጉ ልክ ነው!» ይላል።

እኔ ፖሊቴክኒክ የተማርሁት አውቶ መካኒክ ነው፤ ገብቶኛል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዴ ነዳጁን ሊያምቅ፣ አንዴ ጭሱን ሊያስወጣ። ምልክቱ በሁለቱም ይገጥማል። ይኼ ሰው ጭሱ በሚወጣበት ላይ እሳት እየለኮሰ ነው! ግን እንዴት ልናገር? በእኛ አገር ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከወጣች ወደ ኋላ አትመለስም፤ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። አባቴ ደግሞ የዜማ መምህር ናቸው፤ «ሞተር የምትፈታ ሴት ማን ያገባታል?» ሲሉኝ ነው የኖሩት። አይነርግቤ ሥር በላብ ተጠመቅሁ።

እጮኛዬ ላቡን እየጠረገ «እንግዲህ... ከፋሲካ በኋላ ቢሆንስ?» ሲል ሰማሁ።

ምን ከፋሲካ በኋላ! ደሜ ፈላ። «ዞር በሉልኝ!» ብዬ ዘልዬ ወረድሁ።

«በስመ አብ! ሙሽሪት ተናገረች!» አሉ ሴቶቹ።

ቬሎዬን ሰብስቤ ወገቤ ላይ ቋጠርሁና የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈታሁ። ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ፣ ሚዜውን ሞተሩ በእጅ የሚዞርበትን ብረት አስይዤ «ማኖቬላውን አዙር፣ ቀስ ብለህ!» አልሁት። የታመቀው አየር ጣቴን ሲገፋኝና ምልክቱ ሲገጥም «ቁም!» አልሁ። ዲስትሪቢውተሩን ነቅዬ ግማሽ ዙር አዙሬ ሰካሁት፤ ካንዴላውን መለስሁ። «አስነሳ!»

ተነሣ! መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም ሳል ሳል አለው፤ ዲስትሪቢውተሩን ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ ሳደርገው ድምፁ ጥርት አለ። እልልታው ቀለጠ፤ ጠባቂው ሳይቀር አጨበጨበ። እኔማ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም።

ዞር ስል አባቴ ቆመዋል። እጄ ጥቁር፣ ቬሎዬ ጥቁር።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ተናገርሁ።»

እጄን አዩ። ከዚያ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ የያዘውን እጮኛዬን አዩ።

«አንተ፣ ዞር በልላት» አሉት። ወደኔ መለስ ብለውም «ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ጾሙ ሳይገባ ንጂው እንጂ!»

ሙሽራው በጎን ገባ። አይነርግቤን በጥርሴ ነክሼ፣ በመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ሥር ጥሩምባውን እያምባረቅሁ ነዳሁት። ሌሎች ሙሽሮች ባል ወሰዳቸው፤ እኔ ግን ባሌን ወሰድሁት።