ትንሿ ተዋጊ ጄት

ትናንት እንጅባራ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት በስልኩ የጦርነት ጌም ይጫወት ነበር። ትንሿ ጄት ዝቅ ብላ ቦምብ ስትጥል ሳይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ዳንግላ፣ በወንድሜ ላፕቶፕ እንዲህ ዓይነቷን ጄት አበርር ነበር። አንድ ቀን የቆርቆሮ ቤቶች ያሉበትን መንደር እያቃጠልኩ ስስቅ፣ ለካ ወታደር የነበሩት አጎቴ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ሰዎቹ ምን አደረጉሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው! ሰው የለበትም።»

«እኛንም ከላይ ያየን አብራሪ እንደዚሁ ሳይል አልቀረም። የጓደኛዬን ሥጋ ከልብሴ ላይ በእጄ ነው የለቀምኩት።»

ምሳ ቀርቦላቸው ነበር፤ ሳይቀምሱ ወጡ። እኔ ግን ጥቂት ቤቶች ቀርተውኝ ስለነበር ተመልሼ ተቀመጥኩና ጨረስኳቸው።

አጎቴ ካረፉ ቆዩ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ያቺ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ዛሬም ትቀፈኛለች።