ለአንድ ጋን ጠላ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ወገዳ

ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ስነሣ ለጎረቤቶቼ «የገጠሩን የምግብ ሙያ አይቼ፣ ለምግብ ቤቴ የሚሆን ነገር ይዤ ልምጣ» ብዬ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን አፍሬ የደበቅሁት ግማሽ አለው። ሽሮዬና ጥብሴ አይታሙም። ጠላዬ ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ አልሆነልኝም። እሷ በሕይወት ሳለች የምትጠምቀው ራሷ ነበረች፤ እኔ የጠመቅሁት ሁሉ እየኮመጠጠ ይደፋል።

አምና የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራዬ ደረሰና ያንኑ ኮምጣጣ ጠላ ለሰው አቀረብሁ። በእኛ አገር የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ቀመስሁ፣ አወቅሁት፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷልና ዋጥ አድርጌ ቀዳሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት አያ ፈንቴ፣ እንደ አባት የማያቸው ሽማግሌ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ዋንጫቸውን እንደሞላ አስቀመጡት። ቢሰድቡኝ በወደድሁ። ዘንድሮ ተራዬ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል።

ገብሱን ቀይሬያለሁ፤ ውኃውንም ቀይሬያለሁ። ጋኑን በግራዋ አሽቼ በወይራ አጥኜያለሁ። የቀረኝ ሄዶ ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ብቻ ነበር።

ንፋስ መውጫ፣ ሐሙስ ቀትር

ለከተማው ስም ያወጣለት ሰው እንደኔ ነጠላውን በሁለት እጁ ይዞ የቆመ መሆን አለበት። ከሚኒባሱ ወርጄ ከገበያው ዳር ያለች ምግብ ቤት ገባሁ። የገብስ እንጀራ በቅቤ ከተንተከተከ ሽሮ ጋር፣ በጎን ደግሞ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር ቀረበልኝ። የዚህ የጋይንት አገር ድንች ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ራሱን የቻለ ምግብ ነው። አስተናጋጇ ልጅ ስልኬን አይታ «ፎቶ አንሺና ፖስት አድርጊልን» አለችኝ። ጠላቸውም ደኅና ነው፤ ምስጢሩን ስጠይቃት ግን ሳቀች።

«እኛ ተቀብለን ነው የምንሸጠው። ጠላ ካልሽ ወገዳ ሂጂ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት።»

እንዲያው ባዶ እጄን ላለመመለስ ከገበያው ጌሾ ገዛሁ። ጥፋቱ የጌሾው ይሆናል ብዬ ራሴን ሳጽናና አደርሁ።

ወገዳ፣ ዓርብ

ሾፌሩ ከመነሣታችን በፊት ለሦስት ሰው ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቀ። ሰላም ነው ተባለ፤ ሁላችንም አማተብን። መንገዱ ግን ወገብ አላስተረፈልንም። ወገዳ ስንደርስ እንኳን እኔ፣ የገዛሁት ጌሾ ራሱ አቧራ ለብሷል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጾም ነውና ስልጆና የተልባ ወጥ አቀረቡልኝ፤ የስልጆው ሰናፍጭ አፍንጫዬን ከፈተው። ቀጥሎ ጠላውን ከማንቆርቆሪያው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ቀዱልኝ። ገብሱ ይሸታል፣ ወይራው ከኋላ ይመጣል፣ ጌሾው ምላስ ነክቶ ያልፋል። የእናቴ ጠላ ነበር። እንባዬ መጣ፤ በሰናፍጩ አሳበብሁ።

«ጠላ ሊጠጣ የመጣ ሰው እንዲህ አያሸትም» አሉኝ። «ምን ሆነሻል ልጄ?»

ሁሉን ነገርኋቸው። አምና የሆነውን ሳልደብቅ።

«ጋኑን ከመረግሽው ወዲያ ስንት ጊዜ ትከፍችዋለሽ?»

«በቀን አንዴ… ሁለቴም። ለመቅመስ ብቻ ነው።»

ሳቁ። «ነፋሱን ራስሽ እያስገባሽ ገብሱን ታሚያለሽ?»

«እንዳይኮመጥጥብኝ ፈርቼ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ፈርተሽ ስትከፍችው ይኮመጥጣል፤ ሲኮመጥጥብሽ ደግሞ ይብስ ትፈሪያለሽ። መርገሽ ተይው።»

ከግድግዳው ጥግ አፉ በጭቃ የተመረገ ጋን ቆሟል። ላሽተው ብዬ ጠጋ ስል እትዬ ከፊቴ ቆሙ። «የሱ ቀን ገና ነው። ለጳጳስም አልከፍተው።»

እናቴም ልክ እንደዚህ በማማሰያ ከጋኑ አጠገብ ታባርረኝ ነበር። ሙያዋን የምትሰስትብኝ እየመሰለኝ ስንት ዓመት አኩርፌያታለሁ።

መካነ ኢየሱስ፣ ቅዳሜ

ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ስደርስ ከትከሻዬ ሸክም የወረደ ያህል ቀሎኝ ነበር። ዱለት አዘዝሁ፤ ትኩስ፣ ቃሪያው የበዛ። ደገምሁ። ከዚያ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጣሁ፤ ማሩ የእውነት ማር ነው፣ ዋጋውም እንደማሩ ነው። በዚህ ጉዞ ሳልመረምር የበላሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በደብረ ታቦሩ አውቶቡስ እስከ ቤቴ ድረስ እንቅልፌን ተኛሁ።

ቤት

ጠመቅሁ፣ አፉን መረግሁ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቴ መስቀል አደረግሁበት። ሦስተኛው ቀን ላይ እጄ ወደ ጋኑ ሄዶ ነበር፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምሁና ተመለስሁ። ለካ ከጥንስሱም ከድፍድፉም ይልቅ የሚከብደው ሙያ እጅን መሰብሰብ ነው።

የማኅበሩ ቀን ጋኑን ስከፍት መስቀሉ እንዳለ ነበር። እንግዶቹ ተቀምጠው አያ ፈንቴ ፊት ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆምሁ። በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ደስ እያለኝ ቀዳሁላቸው።

ጠጡ። እስኪያልቅ ጠጡ። ከዚያ ባዶውን ዋንጫ ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ አምና ያልጠጣሁትንም ቅጂልኝ።»