ሁለት እርጉዝ በአንድ ቤት

ቅቤ ሲነጠር የሚወጣው የኮሰረት ሽታ ሌላውን ሰው ያስርበዋል፤ እኔ ግን ደሴ በተከራየሁት ቤት፣ የአምስት ወር እርጉዝ ሆኜ፣ ከጎረቤት ሲመጣብኝ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ይዞብኝ የሚመጣው መካነ ሰላም ያለውን ቤታችንን፣ እናቴና ታላቅ እህቴ ሰአዳ ጠላት የሆኑበትን ክረምት ነው።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ሰአዳ ከላላ ወደምትባል ከተማ ተድራ፣ ባሏ ሳውዲ ከሄደ በኋላ ከአማቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ከርማ፣ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድና በእናቷ እጅ ልትታረስ፣ ገና በአምስተኛ ወሯ በሐምሌ ጭቃ መጣች። በሩ ላይ የጠበቃት ግን የእናታችን ሆድ ነበር፣ የራሷን ያህል ገፍቶ። እናቴ አፍራ፣ ለልጇ እንኳ በስልክ ሳትነግራት ቆይታ ነበር።

ሰአዳ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ «በዚህ ዕድሜሽ አታፍሪም?» አለቻት።

«አላህ የሰጠኝን ምን ላድርገው?» አለች እናቴ።

«ታዲያ እኔን ማን ሊያርሰኝ ነው? የመጣሁት እናቴ ቤት እንጂ ጣውንት ቤት አይደለም!»

ክረምቱን ሙሉ አልተነጋገሩም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እናቴ በአንዱ ጥግ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ስትፈትግ ሰአዳ በሌላው ጥግ የራሷን ትፈትግ ነበር፤ ቅቤውም በሁለት ድስት ይነጠር ነበር። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ማገዶዬን እንዳትነካ» ትለኝ ነበር ሰአዳ፣ እናቴ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች። «ለእህትሽ ንገሪያት፣ ማገዶው የአባቷ ነው» ትል ነበር እናቴ። አባቴ ነገሩ ሲከር ጋቢውን ደርቦ ወደ መስጊድ ይወጣ ነበር። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስንሄድም አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ፣ እኔ መካከል ሆነን እንጓዝ ነበር። አንድ ቀን ነርሷ ስማቸውን አከታትላ ጠርታ፣ «እናትና ልጅ ናችሁ እንዴ?» ብላ ስትስቅ፣ ሰአዳ «አላውቃትም» አለች። እናቴም፣ ቤት እስክንገባ ድረስ፣ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ እንደያዘች ሄደች።

መስከረም ላይ ጭቃው ሲጠነክር፣ የሰአዳ ባል ለሚወለደው ልጅ ብሎ ለስላሳ ብርድ ልብስ ላከ። ሰአዳ ገበያ በወጣችበት እናቴ ብርድ ልብሱን ለሁለት ቀድዳ፣ ጠርዙን ዘምዝማ፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው። «ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ለብሰው ይደጉ ብዬ ነው፣ ወላሂ» ትላለች እስከ ዛሬ። ሰአዳ ግን ስትመለስ ግማሹን አንስታ ፊቷ ላይ ወረወረችባት።

«እናቴን ወሰድሽብኝ፣ አሁን ደግሞ የልጄን ልብስ!»

«ውጪልኝ ከቤቴ!» አለች እናቴ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እያየቻት። ሰአዳ በማግስቱ በከላላው መኪና ሄደች፤ እናቴ ደጅ ወጥታ አልሸኘቻትም።

በበጋው እናቴ ወንድሜን ወለደች፤ ገንፎውን እኔ አገነፋሁ፣ እየጎረበጣትም ቢሆን በላችልኝ። ሰአዳም ከላላ፣ በዚያች በሸሸቻት አማቷ እጅ፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። አባቴ ጠቦት ይዞ ጠይቋት ሲመለስ፣ እናቴ ልጇን እንዳቀፈች «ስለ እኔ ጠየቀች?» አለችው። አባቴ ጫማውን በማውለቅ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ በሰርግና በለቅሶ ይገናኛሉ፤ እጅ ተጨባብጠው፣ ራቅ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። አባቴ አርፏል፣ ወንድሜም ለትምህርት ወጥቷል። እናቴ በየጁምዓው እየደወለች፣ «ቤቱን አስለስኜዋለሁ፣ የማርስሽ እኔ ነኝ፣ ቶሎ ነይ» ትለኛለች። እንደምሄድ ለሰአዳ የነገርኳት ዕለት፣ «ሂጂ፣ አንቺስ እናት አገኘሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያኔ ያ ቤት ሁለት እርጉዝ ይዞ የምታርስ እናት አጥቶ ነበር፤ ዛሬ የእናቴ እጅ ሥራ ፈቶ ይጠብቃል፣ እህቴ ግን ወልዳ ጨርሳለች።